«ገባ» እና «ገጠመ»

ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ለዚህ መጽሔት የሚላከው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ግጥም ነው፤ ግጥም ካልሆነ ደግሞ ስለ ግጥም የሚከራከር ሐተታ ነው። ዛሬ ግን አንባቢ ይፍቀድልንና ስለ አውቶሞቢል ቸርኬና ጎማ ልንጽፍ ተነሥተናል። የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ርስታችንን ነኩብን» ብለው እንዳይቈጡ አስቀድመን የምናስታውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም ከዚህ በታች የምናወራው ሁሉ ዐውቀን ያገኘነው ሳይሆን አጥፍተን የተማርነው መሆኑ ነው። ጥፋታችንም ትንሽ አልነበረም። በሁለት ሚሊ ሜትርና በአንዲት ቃል ውሸት ምክንያት የምናከብራቸውን ሰው ለሞት ልናደርሳቸው ጥቂት ቀርቶን ነበር።

እኛ ስንል ሦስት ነን፤ በአንድ ክፍል የምናድር፣ በአንድ ጠረጴዛ የምንበላ፣ አንዱ ሲጠራ ሦስታችንም የምንዞር ጓደኛሞች። ከሦስታችን አንዱ የላምበረት ልጅ ነው። ላምበረትን ያላየ ቢኖር ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። መናኸሪያ ስላለው ሌሊቱ ሳይነጋ ይነቃል፤ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ጡሩምባ፣ የረዳቶች ጥሪ፣ የተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» ማለት ዶሮን ይቀድማል። አውቶቡስ ባለበት ደግሞ ጎማ ይፈነዳልና በመንገዱ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም።

የጓደኛችን አጎት፣ እኛም ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጓደኛችንንና እኅቱን አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። በጓሯቸው በሸራ ተሸፍና ለብዙ ዓመት የቆመች አንዲት አውቶሞቢል ነበረቻቸው፤ ፊያት 124 ስፓይደር ትባላለች። ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ የስፖርት አውቶሞቢል ናት። የአካሏን ቅርጽ ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የአውቶሞቢል ትርኢት ነው። የጋሼዋ ጓዙን ጠቅልሎ ከሚሄድ የውጭ አገር ሰው በጎልማሳነታቸው የተገዛች ናት። በጊዜዋ ቀይ ነበረች፤ ፀሐይና አቧራ ተባብረው አሁን የደረቀ በርበሬ አስመስለዋታል።

ይህች አውቶሞቢል ከእንቅልፏ እንድትነሣ ያደረጋት ሰርግ ነው። የጓደኛችን እኅት በጥር ልትዳር ቀን ተቈረጠ፤ ጋሼም «ልጄን ከደጄ የማስወጣት በራሴ መኪና ነው እንጂ በኪራይ አይደለም» ብለው በሽማግሌዎች ፊት ተናገሩ። መካኒክ ተጠርቶ ሞተሯን አስነሣ፤ ፍሬኗ ታደሰ፤ አዲስ ባትሪ ገባላት። የቀረው እግሯ ብቻ ነበር። ከአራቱ ቸርኬዎች አንዱን የቦይ ጠርዝ መትቶ አጣሞታል፤ ሁለቱን ደግሞ ዝገት ከአፋቸው ስለ በላቸው ነፋስ አይዙም። ጎማዎቹ ግን ጥርሳቸው ገና ጥልቅ ስለ ነበረ ለዐይን ደህና ይመስሉ ነበር።

ጋሼ ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ሰጡንና፣ «አንዱን አሮጌ ቸርኬ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳትለኩ እንዳትገዙ» አሉን። እኛም «እሺ ጋሼ» ብለን ተቀበልን። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የዛገ ቸርኬ ታቅፎ ታክሲ መግባት አሳፈረን። በሱሪያችን ላይ ዝገት፣ በእጃችን ላይ ግራሶ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ የሚያውቁን የክፍላችን ልጆች ቢያገኙንስ? ስለዚህ ቸርኬውን ከበሩ ኋላ አስደግፈን ባዶ እጃችንን ወጣን።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ደረስን። የአውቶሞቢል ዕቃ እንደ ሽንኩርት ተከምሮ በሚሸጥበት በዚያ ስፍራ ከዞርን በኋላ አንድ ነጋዴ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ከእነ ጎማቸው አሳየን። ስፋታቸው 14 ኢንች ነው፤ ከአንዲት ቶዮታ ቪትዝ የወለቁ ናቸው፤ ተወልውለው መስተዋት መስለዋል። ፊታችንን አየንባቸው፤ መቼም ፊቱን ያየበትን ዕቃ ትቶ የሚሄድ ወጣት የለም።

«የእናንተ መኪና ስንት ብሎን ነው?» አለን።

«አራት» አልን።

«ይኸም አራት ነው። ይገባል!»

ነገሩ በዚሁ ተፈጸመ። አራትና አራት እኩል መሆናቸውን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት እንኳ አላስፈለገንም። ከፍለን፣ በላዳ ታክሲ ላይ ጭነን፣ እንደ ድል አድራጊ ወደ ላምበረት ተመለስን። ጋሼ በሩን ከፍተው ቸርኬዎቹን ዞረው አዩአቸው።

«አምረዋል። ለካችሁ?»

ሦስታችንም ተያየን። ከዚያም አንዳችን፣ ማን እንደ ሆነ መናገሩ አይጠቅምም፣ «ለክተናል ጋሼ» አለ። የቀሩትም ዝም አሉ፤ ዝም ማለትም ያው መናገር ነው።

እግረ መንገዳችንን ለአንባቢ የምንናዘዘው ነገር አለ። ይህ «ለክተናል» የሚለው ቃል ከአፋችን በዚያ ፍጥነት የወጣው ልማድ ስለ ሆነ ነው። በክፍል ውስጥ አስተማሪው «ይህን መጽሐፍ አንብባችኋል?» ሲል፣ መግቢያውን ብቻ ያየነውን መጽሐፍ «አንብበናል» ስንል ኖረናል። በዚያ በኩል ጉዳቱ በፈተና ጊዜ ጥቂት ነጥብ ከማጣት አያልፍም ነበር።

በመንገዱ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች ዘንድ አውቶሞቢሏን ወሰድናት። ባለቤቱ ሽማግሌ ለጉዳይ ወጥተው ስለ ነበር ያገኘነው ረዳታቸውን ልጅ ነው። በክሪክ አንሥቶ አሮጌዎቹን አወረደ፤ አዲሶቹን ሰቀለ። አንደኛው ብሎን ገባ፤ ሁለተኛው ገባ፤ ሦስተኛው እያጕረመረመ ገባ፤ አራተኛው አልገባም አለ። ልጁም በመፍቻው ጫፍ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ተንጠለጠለበት። ብሎኑ ጮኸና ገባ። እኛም በአንድ ድምፅ «ገባ!» ብለን አጨበጨብን።

ጋሼ መሪውን ጨበጡ፤ የላምበረቱ ጓደኛችን በጎናቸው ተቀመጠ፤ ጣሪያው ተገለጠ። ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ሲወጡ በመናኸሪያው በር ያሉ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩ፤ አንድ የአውቶቡስ ነጂ እንኳ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላምታ ሰጠ። የቀረነው ሁለታችን በኩራት ቆመን ጠበቅን። ሲመለሱ ግን እንደ ሄዱ አልነበረም። ጋሼ በመንገዱ ጠርዝ፣ እግረኛ እየቀደማቸው፣ ቀስ ብለው መጡ። ፍጥነቱ 60 ሲደርስ መሪው በእጃቸው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎም ከፊት በግራ በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማቸው።

ሽማግሌው ጎሚስታ ተመልሰው ነበር። አንድ ቃል ሳይናገሩ ተንበርክከው የግራውን የፊት ቸርኬ ብሎን በሁለት ጣታቸው ያዙና አዞሩት። ዞረ። በቧንቧ ተንጠልጥለን ያጠበቅነው ብሎን እንደ ጠርሙስ ክዳን በጣት ዞረ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ይህን የሰቀለው ማን ነው?» አሉ።

ረዳቱ ልጅ አንገቱን ደፋ። እኛም ልጁ እንዳይመታ ብለን፣ «ገብቶ ነበር እኮ» አልን።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩንና፣ «ገባ እንጂ መች ገጠመ?» አሉ።

እነሆ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ግጥም ስንማር ይህን ቃል በዚህ አኳኋን ሰምተነው አናውቅም ነበር። ግጥም ግጥም የተባለው ገጠመ ከሚለው ግሥ ወጥቶ ነው፤ ቤቱ ከቤቱ ጋራ ሲስማማ፣ ቃሉ ያለ ግፊት በቦታው ሲያርፍ ገጠመ ይባላል። በጉልበት ቤት የመታ ስንኝ ሲነበብ ጆሮን ይቈረቍራል። የሽማግሌውም ነገር ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ የእሳቸው ስንኝ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነበብ መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ቸርኬውን አውርደው መሬት ላይ አጋደሙትና ትምህርት ጀመሩ። እኛም በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጥን። የተናገሩትን እንደ ገባን መጠን በተራ እናቀርበዋለን፤ አውቶሞቢል ያለው ወይም ወደ ፊት የሚኖረው አንባቢ ይጠቀምበታል ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ የብሎኖቹ ክብ ነው። የብሎን ቀዳዳዎች ቍጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። በአራቱ ቀዳዳዎች መካከል የሚያልፍ ክብ እንዳለ አድርገን እናስብ፤ የዚያ ክብ ስፋት ነው ቍም ነገሩ። አራት ቀዳዳ በሆነ ቸርኬ ላይ ይህን ለመለካት ፊት ለፊት ከሚተያዩት ቀዳዳዎች ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል መለካት ይበቃል። ሽማግሌው በመለኪያቸው አሮጌውን ለኩት፤ 98 ሚሊ ሜትር። አዲሱን ለኩት፤ 100 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ብሎን ሲካፈል አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። «ታዲያ አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች?» ብለን ጠየቅን። ሽማግሌውም ብሎኑን አነሡና አሳዩን። የብሎኑ አንገት እንደ ሾጣጣ ቆብ ነው፤ በቀዳዳው አፍ ላይ ዙሪያውን እኩል መቀመጥ አለበት። የእኛ ብሎኖች ግን በአንድ ጐናቸው ብቻ ተፍቀው አብረቅርቀዋል፤ ሌላው ጐናቸው ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ስለዚህ ብሎኑ በጥቂቱ ጐብጦ ይታሰራል፤ ጐማው በዞረ ቍጥርም ያ ጉብጠት ይለጠጣል፣ ይመለሳል። እኛ የገዛነውን የሚያህል ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 550 ጊዜ ያህል ይዞራል። ብረት እንደ ሰው ይደክማል፤ መጀመሪያ ይላላል፤ ቀጥሎ ይሰበራል።

ሁለተኛው እንብርቱ ነው። በቸርኬው መካከል ያለው ትልቁ ቀዳዳ በሞዞው ወይም በመሽከርከሪያው እንብርት ላይ ጠበቅ ብሎ መግባት ይገባዋል፤ ቸርኬውን መካከሉን አስይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። የፊያቷ እንብርት 58 ሚሊ ሜትር ነው። ቶዮታ ራሱ ለቪትዝ የሚሠራው ቸርኬ ቀዳዳው 54.1 ስለ ሆነ አልገባም ብሎ በደጅ ይመልሰን ነበር። የእኛ ግን ፋብሪካው የሠራው ሳይሆን ለብዙ ዐይነት መኪና እንዲሆን ቀዳዳው ሰፍቶ የተሠራ ነበር። ስለዚህ እንብርቱን ሳይነካ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የመኪናዋን ሸክም የተሸከሙት እነዚያ የጐበጡ ብሎኖች ብቻ ናቸው። እምቢ የሚል ዕቃ ወዳጅ ነው፤ ለሁሉም እሺ የሚለው ግን ያስፈራል።

ሦስተኛው የብሎኑ ርዝመትና ጥርስ ነው። የፊያት ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ነው። የቶዮታ ደግሞ ውፍረቱ ያው 12 ሆኖ ጥርሱ 1.5 ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ በግድ ያስገባ ሰው የሞዞውን ጥርስ ያበላሻል። ከዚህም በላይ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ስለሚወፍር ረጅም ብሎን ይፈልጋል። እኛ ያሰርነው በአሮጌው አጭር ብሎን ነበር። ሽማግሌው ሲፈቱት ቈጠርን፤ አራት ዙር ብቻ ዞሮ ወጣ። አራት ጊዜ 1.25 አምስት ሚሊ ሜትር ነው። ብሎን ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል መንከስ አለበት ይላሉ ሽማግሌው፤ የእኛ የነከሰው ግን ከግማሹ ያነሰ ነው።

አራተኛው የቸርኬው አቀማመጥ ነው። ቸርኬ ከሞዞው ጋራ የሚገናኝበት ፊት ከስፋቱ መካከል ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ እንደ ራቀ የሚያመለክት ቍጥር አለ፤ በብዙ ቸርኬዎች ጀርባ ላይ ኢ.ቲ. ተብሎ ተቀርጿል። ቍጥሩ ከሚገባው በላይ ሲበዛ ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ከመኪናው አካል ጋራ ይፋተጋል፤ ሲያንስ ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ፓራፋንጎውን ይልሳል፣ የኩሽኔታውንም ዕድሜ ያሳጥራል። እንደ ቪትዝ ያሉ በፊት እግራቸው የሚጐተቱ የዛሬ መኪናዎች ይህ ቍጥራቸው ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ፊያቷ በኋላ እግራቸው የሚገፉት የድሮዎቹ ግን ዝቅ ይላል። ቍጥር ካልተገኘ አሮጌውን ቸርኬ በፊቱ ደፍቶ፣ በጀርባው ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድሞ፣ ጥልቀቱን መለካት ነው። ለዚህ ግን አሮጌው ቸርኬ መኖር አለበት፤ የእኛው አሮጌ ቸርኬ በዚያ ሰዓት የት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሲናገሩ ጋሼ ቆመው ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ ወደኛ ዞሩና፣ «ለክተናል አላላችሁኝም?» አሉ። ምንም መልስ አልነበረንም። ይቈጡናል ብለን ስንጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጁ እኮ ከጐኔ ነበረ» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልወጣቸውም። ያን ቀን ማታ ወደ ስድስት ኪሎ ስንመለስ ከሦስታችን አንዱም አልቀለደ።

በማግሥቱ ቅዳሜ በጠዋት ሄድን። አሮጌውን ቸርኬ በዚህ ጊዜ ለሁለት ተሸክመነዋል፤ ሱሪያችንም በዝገት ቀላ፤ የክፍላችን ልጅም አገኘችን፤ ሰላምታ ሰጥተን አለፍን። ሽማግሌው ጎሚስታ ሲያዩን ፈገግ አሉና በእጃቸው ወደ ታክሲ ማቆሚያው አመለከቱ።

«የዚያችን መኪና ወንድም ታያላችሁ?» አሉ።

አየን። በዚያ ያለው ሰማያዊና ነጭ የተቀባ አንድ አሮጌ ላዳ ታክሲ ነው። ቀልድ መሰለን፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ባለ አራት በሩ ፊያት 124 የስፖርቷ ስፓይደር የሥጋ ዘመድ ነው። የሶቪየት መንግሥት በዚያው ዓመት ከፊያት ጋራ ተዋውሎ በቶልያቲ ከተማ ታላቅ ፋብሪካ አቆመና ከ1970 ጀምሮ ያንኑ ፊያት ለራሱ መንገድ እንዲስማማ አጠንክሮ መሥራት ጀመረ። እሱ ነው በኋላ ላዳ ተብሎ እኛ ዘንድ የደረሰው። አካሉ ቢወፍርም የእግሩ ሥርዐት አልተለወጠም፤ አራት ብሎን፣ የክቡ ስፋት 98፣ ጥርሱ 1.25፣ ስፋቱ 13 ኢንች፤ የእንብርቱም ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም። የከተማችን ሰው «ሳጥን» እያለ የሚስቅበት፣ እኛም ገንዘብ ሲተርፈን ንቀን ሌላ መኪና የምንጠራበት ላዳ ያቺን የጣሊያን ቆንጆ ጫማ ሊያውሳት ይችላል። የዘመድ ጥቅም በችግር ቀን ይታያል።

ከአንድ ጡረታ የወጣ ላዳ ባለቤት አምስት የብረት ቸርኬዎች አገኘን፤ አምስተኛው ለስኮርታ ነው። በመንገድ ላይ አንድ ሌላ ሰው «ላዳ ከሆነ የፈለጋችሁት እኔ ጋ አለ» ብሎ የላዳ ኒቫ ቸርኬ ሊሸጥልን ነበር፤ የኒቫው ግን አምስት ቀዳዳ፣ ክቡ 139.7፣ ስፋቱም 16 ኢንች ነው። ስም ከስም ገጠመ ማለት ዕቃ ከዕቃ ገጠመ ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ ግን መለኪያ በእጃችን ስለ ነበረ «አመሰግናለሁ» ብለን አለፍን።

ያገኘናቸውን አምስቱን አንድ በአንድ አየናቸው። ሽማግሌው እያንዳንዱን በሞዞው ላይ ሰቅለው በእጃቸው እያሽከረከሩ፣ ጠመኔ በጠርዙ አጠገብ ያዙ። ቀጥ ያለው ቸርኬ ጠመኔውን ሳይነካ ወይም ዙሪያውን እኩል እየነካ ይዞራል፤ የተጣመመው በአንድ በኩል ብቻ ይመታዋል። ከአምስቱ አንዱ ተጣሞ ተገኘና ተለወጠ። ከዚያም መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው በጎማውና በአካሉ መካከል ጣታቸውን አሳለፉ። ብሎኖቹንም መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ፣ አንዱን አጥብቀው ወደ ፊት ለፊቱ በመሻገር አሰሩአቸው። ቧንቧ አልተቀጠለም። የሚገጥም ብሎን ጉልበት አይጠይቅም።

የጎማው ነገር ለብቻው ታሪክ ነው። ሥራችን ማንበብ የሆነ ሦስት ተማሪዎች በጎማ ጐን ላይ የተጻፈውን አንድም ቀን አንብበነው አናውቅም ነበር። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው ያልናቸውን የጋሼን አሮጌ ጎማዎች ሽማግሌው አገላበጡና ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ምልክት በኋላ ያለውን ቍጥር አሳዩን። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ጎማ በዚያ ላይ አራት አኃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የጋሼ ጎማዎች ግን ሦስት አኃዝ ብቻ ነበራቸው። ይህም ማለት ከ2000 በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ከእኛ ከራሳችን ይበልጣሉ። ሽማግሌው ጐኑን ሲያጥፉት ጎማው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጥርሱ ያልጠፋው መኪናዋ ስለ ቆመች ነው እንጂ ጎማው ጤነኛ ስለ ሆነ አይደለም።

የስፓይደሯ የቀድሞ ልክ 165 ሆኖ ለ13 ኢንች ቸርኬ ነው። ይህ የድሮ አጻጻፍ ነው፤ በዛሬው 165/80 አር 13 ከሚባለው ጋራ ይቀራረባል። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 80 የጐኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ያሳያል፤ 13 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። በላዳዎችና በአሮጌ መኪናዎች ምክንያት በገበያ በቀላሉ ያገኘነው 175/70 አር 13 የተባለው ነው። እኛም ሒሳብ ፈርተን አርት የገባን ብንሆን እንኳ ቁጭ ብለን አሰላነው። የመጀመሪያው ከመሬት እስከ አናቱ 594 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለተኛው 575። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናዋ የምትሄደው 97 ያህል ነው፤ ሆዷም ወደ መሬት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀርባል። ይህን ለጋሼ ነገርናቸውና፣ «መቁጠሪያው ከሚያሳንስ ቢያበዛ ይሻላል፤ በየጉብታው ላይ ደግሞ ቀስ እላለሁ» ብለው ፈቀዱ።

ሽማግሌው የቀረውን አነበቡልን። በጎማው ላይ 82 ቲ የሚል ነበረ። 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ መኪናዋ ባዶዋን ከአንድ ቶን ስለማትርቅ ለአራቱ ይተርፋል። ቲ ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ሙሽራ ይዞ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ የለም። አራቱም አንድ ዐይነት፣ አንድ ልክ፣ የተሠሩበትም ጊዜ የተቀራረበ እንዲሆን አስጠነቀቁን። አብረው የሚሮጡ አራት እግሮች አንዱ የሌላውን ጠባይ ካላወቀ በዝናብ ቀን ይጣላሉ አሉን።

ባላንስ ተደርጋ ወጣች። ጋሼ እንደገና መሪውን ጨበጡ። «ከእናንተ ማን ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁ። ሦስታችንም ለመቀመጥ ተጋፋን፤ በመጨረሻ «ለክተናል» ያለው ገባ። ይገባዋል ብለን ፈረድንበት። ወደ ኮተቤ ወጡ። 60 አለፉ፤ መሪው ዝም አለ። ተመልሰው ሲቆሙ ሽማግሌው ብሎኖቹን በጣታቸው ሞከሩ፤ አንዱም አልዞረም። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰን በመፍቻ እንድናያቸው አዘዙን፤ እኛም ሳንረሳ አየናቸው።

የመስተዋቶቹ ቸርኬዎች ነገር ቀረ። ነጋዴው መልሼ አልቀበልም አለን። አንድ ሰው ሌላ አሮጌ ፊያት አለኝ ብሎ ሊገዛን መጣ፤ ገንዘቡም ጥሩ ነበር። ክቡ 100 መሆኑን፣ የእሱ ግን 98 መሆኑን ነገርነው። «ይገባል አሉኝ እኮ» አለ። «አዎን፣ ይገባል፤ አይገጥምም» አልነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ የቪትዝ ባለቤት ከገዛንበት ባነሰ ዋጋ ሸጥናቸው። መኪናው ላይ ሲሰቀሉ ቆመን አየን፤ ብሎኖቹ በጣት እየዞሩ እስከ መጨረሻው ገቡ፤ ለቀዳዳውም የእንብርት ቀለበት ተገዛለት። ቸርኬዎቹ ክፉ አልነበሩም። ያለ ቦታቸው ያስቀመጥናቸው እኛ ነን። የጐደለውን ገንዘብ ከኪሳችን በየወሩ ለጋሼ ከፈልን።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ጋሼ በነጭ ልብስ መሪውን ይዘው፣ ሙሽራይቱ ከኋላ መጋረጃዋን ነፋስ እየገፋባት፣ ያቺ ቀይ አውቶሞቢል ከላምበረት ደጅ ስትወጣ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ሁሉም የሚያየው የፊቷን ውበት ነበር። እኛ ሦስታችን ግን ከሕዝቡ ኋላ ቆመን የምናየው ከታች ነው፤ አራቱን ጥቍር የላዳ ቸርኬዎች።

ይህን የጻፍነው ለአንድ ሰርግ ብቻ ብለን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ስለዚህ አሁን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግሉ ነው፤ ቸርኬና ጎማቸውም ከወዲያና ከወዲህ እየተለቀመ ሊቀየር ነው። «ይገባል!» የሚል ሻጭ በየመንገዱ አለ። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኛም ከመስቀል መለካት ይቅደም እንላለን። አሮጌውን ቸርኬ ይዛችሁ ሂዱ። ሱሪ ይታጠባል።

ባለፈው ሳምንት በክፍል አስተማሪያችን አንድ መጽሐፍ ጠርቶ «አንብባችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ከሦስታችን አንዱ እጁን አነሣና፣ «መግቢያውን ብቻ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን ላምበረትን አሰብን።